አባ ዝለል

በሀገራችን ልማድ አንድ ጨዋ ሰው ከዓለም ስሙና ከክርስትና ስሙ ሌላ ሦስተኛ ስም የሚያገኘው ከፈረሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኟቸው ፈረሶቻቸው ናቸው፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል፤ የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘውማ ባለቤቱ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ጦር መጠሪያ ሆኖ ባሕር ተሻግሯል። እኔም አባቴ በኑዛዜ ያወረሱኝን አንድ ዳማ ፈረስ ከደብረ ብርሃን ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው መሬቴ ላይ ባሰማራሁ ጊዜ፣ ዕድሜውን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ለፈጸመ ሰው የሚስማማ ጸጥ ያለ የፈረስ ስም፣ «አባ እርጋ» ወይም «አባ ሰብስብ» የመሰለ ነገር፣ እንደሚወጣልኝ በልቤ ተስፋ ማድረጌን አልሸሽግም። ፈረሱ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት መንደሩ በሙሉ አባ ዝለል ይለኝ ጀመር።

ስለ ፈረሱ ጥቂት ልናገር። ቁመቱ ከትከሻው ሲለካ ከ1 ሜትር ከ30 እምብዛም የማይበልጥ፣ እንደ ደጋ ፈረሶቻችን ሁሉ ደረቱ ሰፊ፣ ሰኮናው ጽኑ፣ ግንባሩ ቦራ የሆነ ሰንጋ ነበር። ሰንጋ መሆኑን አስቀድሜ የምናገረው ጎረቤቶቼ በኋላ ካወሩበት ሐሜት ነጻ ላወጣው ስለምሻ ነው፤ ድንጉላ አጥር ቢዘል ከአጥሩ ማዶ ባዝራ መኖሯን ሕፃንም ያውቃል፣ የእኔው ግን ከዚህ ዓለም ፈቃድ ያለ ፈቃዱ ከተለየ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ኮርቻ ተጭኖበት ልጓም በጎረሰ ሰዓት እንደ ቀዳሽ ዲያቆን ዐይኑን ከምድር የማያነሣ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ሲሻገር የተቀመጠበትን ሰው ኩታ እንኳ የማያዛንፍ ምግባረ ሠናይ እንስሳ ነበር። ጠባዩ የሚለወጠው ኮርቻው ወርዶ፣ ልጓሙ ወልቆ፣ የመስኩ በር ሲዘጋበት ነው።

መስኩን የከበበው አያቶቼ ከእርሻው ድንጋይ ለቅመው ያለ ጭቃ የካቡት፣ ወገብ የማይደርስ ካብ ነበር፤ ላሙንም በጉንም ሲያግድ የኖረ ስለ ሆነ ፈረሱን ያንሰዋል ብዬ አላሰብሁም። በመጀመሪያው ጧት ፈረሱን ከካቡ ውጭ ቆሞ ባገኘሁት ጊዜ በሩን ክፍት ትተሃል ብዬ እረኛውን ገሠጽሁ። በማግሥቱ በሩን በገዛ እጄ በጠፍር አስሬ ስላደርሁ እረኛውን የምገሥጽበት ምክንያት ባጣ ውሻውን ገሠጽሁ። በሦስተኛው ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቼ፣ በርኖሴን ተከናንቤ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሊያዝንልኝ በሚገባ ሁኔታ ከአንድ ጥድ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ጎሕ ሲቀድ ፈረሱ ከመስኩ መካከል ወደ ካቡ መጣ። አልተንደረደረም፣ አላሽካካም፤ ከካቡ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመና፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ርስት እንደሚለካ ሹም ከፍታውን በዐይኑ ከመዘነ በኋላ፣ ቀረብ ብሎ የፊት እግሮቹን ከደረቱ ሥር ሰብስቦ ዐለፈው። ማዶ ካረፈ በኋላ ወደ ኋላው እንኳ ሳይመለከት ሣሩን ይነጭ ጀመር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ቁጣ አልተሰማኝም፤ ከጥዱ ሥር ብቻዬን ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከሩቅ ቆሞ መለካቱ ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም። የፈረስ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ የተተከሉ በመሆናቸው ጎኑንና ኋላውን ሰፊ አድርጎ ሲያይ፣ ከግንባሩ ፊት እጅግ ቀርቦ ያለውን ነገር ግን አያይም፤ ስለዚህ አንድን አጥር ሲዘል በመጨረሻዋ ቅጽበት አጥሩን የሚሻገረው በዐይኑ ሳይሆን ከጥቂት እርምጃ በፊት ባየው ነገር ትዝታ ነው። ይህን ሳውቅ ለእንስሳው ያለኝ አክብሮት ጨመረ፤ እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ስፈልገው የምውል ሰው ነኝና።

«ካቡን አንድ ስንዝር ብጨምርበት ይበቃዋል» አልሁ። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን መከራ ሁሉ የወለደው ይህ ስንዝር ነው። ፈረሱ ስንዝሩን ሁለት ቀን ተመልክቶ በሦስተኛው ቀን ዘለለው፤ ሌላ ስንዝር ጨመርሁ፤ አራት ቀን አሰበና እርሱንም ዘለለው። በካቡ ላይ የአጋምና የቀጋ እሾህ ደረብሁበት፤ እሾሁ ትኩስ ሳለ ጥቂት ተከበረ፣ ደርቆ ሲሟሽሽ ግን የመንደሩ ሴቶች ለምድጃ እየመዘዙ ወሰዱትና ለፈረሱ መንገዱን አለሰለሱለት። ከዚያም ባሕር ዛፍ አስቆርጬ፣ ቋሚ አቁሜ፣ ማገር አጋድሜ፣ ከሦስት ክንድ ከፍ ያለ አጥር አሠራሁ። ፈረስን ከመጀመሪያው ቀን ሊዘለው በማይችለው አጥር መክበብ ሲገባ፣ ዛሬ በጥቂቱ ነገ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ እርሱን ማገድ ሳይሆን በየደረጃው ማስተማር መሆኑን የተረዳሁት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው። አጥር የምሠራ መስሎኝ ለካ ትምህርት ቤት ከፍቼ ኖሯል፤ ፊደሉን በካቡ አስቆጠርሁት፣ ንባቡን በእሾሁ አስጠናሁት፣ በባሕር ዛፉ አጥር ላይ ዳዊቱን በቃሉ ደገመልኝ። ሌላውን ልጅ ቅኔ ቤት ለማስገባት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው የእኔ ደቀ መዝሙር ፍጥነት የሚያስቀና ነበር።

በዚህ መካከል ጋዜጣ ማንበብ የሚወድ የወንድሜ ልጅ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. በቺሊ ሀገር፣ ቪኛ ዴል ማር በምትባል ከተማ፣ ኡዋሶ የሚሉት ፈረስ ካፒቴን አልቤርቶ ላራጊቤልን በጀርባው ተሸክሞ 2 ሜትር ከ47 የሆነ መሰናክል መዝለሉን፣ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆኖ መመዝገቡን ነገረኝ። ፈረሱ አስቀድሞ ለሩጫ ውድድር ታስቦ በሩጫው ያልተሳካለት እንደ ነበረም ጨመረልኝ። 2 ሜትር ከ47 በእኛ ልኬት አምስት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ያውም ሰው ተሸክሞ! የወንድሜ ልጅ ይህን የተናገረው «የአንተው ገና ሦስት ክንድ ላይ ነው» ለማለት መሆኑ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት ቀሪዋን ሁለት ክንድ እያሰላሁ ነው።

ቀጥሎ ሽቦ መጣ። ሽቦ ከፍ ለማድረግ ይቀላል፣ ሴቶችም ለምድጃ አይመዙትም፤ ክፋቱ ግን ቀጭን ስለ ሆነ ፈረስ ከሩቅ አያስተውለውም፣ ያላየውን ሽቦ ሊጥስ ሲል ደግሞ ጅማቱ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እንዲታየው ብዬ የባለቤቴን አሮጌ ነጠላ በቁራጭ በቁራጭ ቀድጄ በየክንዱ አሰርሁበት። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ቋሚ ሥር አንዲት አሮጊት ቅቤ ቀብተው፣ ቆሎና ንፍሮ አኑረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲለማመኑ ደረስሁባቸው።

«እማማ፣ ይህ እኮ አድባር አይደለም፤ የፈረስ አጥር ነው» ብላቸው፣

«ተው ልጄ፣ በማታውቀው ነገር አትቀልድ» ብለው ገሥጸውኝ ሄዱ።

ንፍሮውን ፈረሱ ዘሎ ወጥቶ በላው። አሮጊቲቱ በማግሥቱ መጥተው ሳህኑን ባዶ ሲያገኙ ስለታቸው እንደ ሠመረ ቆጥረው ሌላ ይዘው መጡ፤ ፈረሱም ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል መውጣትን አዘወተረ።

አጥሩ ካልያዘው እንግዲህ ራሱን እንያዘው ተባለ። ሁለቱን የፊት እግሮቹን በጠፍር አቀራርበን አሰርናቸው፤ ይህም እንደ እስረኛ እግረ ሙቅ መሆኑ ነው። ለሦስት ቀን አዝኖ ቆመ፤ በአራተኛው ቀን ሁለቱን እግር በአንድነት እያነሣ እንደ እንቁራሪት መዝለልን ተማረ፤ ከዚህ በላይ ማስተማር ነውር ስለ መሰለኝ ፈታሁት። ረጅም መጫኛ አስረን ካስማ ላይ ብንተክለው ገመዱን በእግሮቹ ጠምጥሞ ወድቆ ተገኘ፤ ከኮቴው በላይ ያለው ቆዳም ተላጠ። ከአንገቱ ግንድ ብናንጠለጥልበት ጉልበቱን እየመታው ስላደማው፣ ባለቤቴ «ይህን ፈረስ የሚያሠቃይ ሰው እኔ ቤት እህል አይቀምስም» ብላ ገዘተችኝ። ግዘቷ ከአጥሩ ይልቅ ያዘኝ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኔው ግን የትም ሳያደርሰኝ ከጎረቤት ሁሉ ጋር አዋጋኝ። ከመሬቴ በስተምሥራቅ ያሉት ባላምባራስ ገብሳቸው በሸተ ጊዜ ፈረሱ አንዲት ሌሊት ገብቶበት አደረ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በኦሪት ዘፀአት ከብቱን በሰው እርሻ ያሰማራ ሰው ከራሱ እርሻ ከተመረጠው እንዲከፍል መታዘዙን አንደኛው ሽማግሌ አነሡ፤ እኔም በጸሐፊነት ዘመኔ የተለማመድሁትን ሕግ ለማሳየት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን እንደሚደነግግ ራሴ በራሴ ላይ መሰከርሁ። ቀጥዬ ግን፣ ይኸው ሕግ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የቤት እንስሳ ባለቤት ጥፋቱ የራሱ ካልሆነ በስተቀር እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ነጻ ሊወጣ እንደሚችል መፍቀዱን አስታወስሁና፣ በታላቅ ትሕትና፣ «እንግዲያስ ባላምባራስ፣ ፈረሱን ይውሰዱት» አልሁ።

ባላምባራስ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አሉ። «በፈጠረህ! እኔን ምን በደልሁህ?» አሉና፣ ገብሱንም ካሣውንም ትተው፣ ኩታቸውን እያጣፉ ከጉባኤው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ዳኝነት ባይሰጡም ጠላው ቀርቦ ስለ ነበር በሰላም ተለያየን። አንድ ቁና ገብስ ግን በማግሥቱ ልኬላቸዋለሁ፤ ሕግ ያመለጠው ሰው ኅሊና አያመልጠውም፣ ደግሞም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ከባላምባራስ ገብስ ይልቅ ያሳፈረኝ ነገር የቤተ ክርስቲያኑ ነው። መስኬ በስተሰሜን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ጋር ይዋሰናል፤ በመካከላችን ያለው የደብሩ ቅጽር ነው። ወሩ በገባ በ23 ቀን፣ በሰማዕቱ መታሰቢያ፣ ካህናቱ ማኅሌት ቆመው አድረው ቅዳሴው ሊገባ ሲል ፈረሴ ከቅጽሩ ውስጥ ከዐጸዱ ሣር ላይ ቆሞ ተገኘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ቀን ከሠራዊቱ ጋር ነበረ የሚባልለት ፈረሰኛ ሰማዕት ዐጸድ ውስጥ ፈረስ መገኘቱን ምእመናኑ ሁሉ በአንድ ዐይን አላዩትም፤ አንዳንዱ እንደ ተአምር ቆጥሮ ተሳለመው፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ይገዘት አለ። መሪጌታው ግን ከበሮው ላይ እንደ ተደገፉ ቦራውን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው፣ «በሥዕሉ ላይ ያለው አምባላይ ነው፤ ሰማዕቱ ቅያሪ አልጠየቀም» ብለው ላኩልኝ። ለደብሩ አንድ ነዶ ጧፍ ከፈልሁ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሁለት። በሦስተኛው ወር ጧፉን አስቀድሜ ላክሁ።

የቆሎ ተማሪዎቹ ዓለምን ንቆ ገዳም የገባ ነው በማለት ፈረሱን «መናኒው» ይሉት ነበር፤ እኔም በዚያ ወራት በልቤ ከእነርሱ ጋር መስማማት ጀምሬ ነበር። አእምሮውን በዚህ ዓይነት ኀልዮ የሚያጽናና ሰው ገንዘቡ እንዳለቀ እወቁ።

በመጨረሻ መላ የመጣው ከአንድ ሽማግሌ ነው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ጋጣ በነበረበትና ስሙም ባልደራስ ተብሎ በቀረው ሰፈር ሲያገለግሉ ኖረው ለእርጅናቸው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። አጥሬን ሊያዩ መጥተው፣ ከበሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኑን ሙሉ አጥሩን ሳይሆን ፈረሱን ሲያዩ ዋሉ። ማታ ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አጥርህ መልካም አጥር ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ምን ዋጋ አለው፤ ይዘለዋል» አልኋቸው።

«እሱንስ አየሁት። ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄድ?»

መልስ ልሰጥ አፌን ከፍቼ ሳልናገር ዘጋሁት። ከአንድ ዓመት በላይ ፈረሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ስጠብቅ፣ ስለካ፣ ሳሰላ ኖሬ፣ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ነገሩ የታወቀ ነው፤ በገብሱ ውስጥ በገባባት በዚያች ሌሊት የባላምባራስ ፈረስ እዚያው አጠገብ ታስሮ ነበር፤ በደብሩ ዐጸድ ውስጥ የመሪጌታው በቅሎ ታስራ ትውላለች፤ ንፍሮ ባለበት በኩል ሲወጣም ንፍሮውን ቀምሶ የሚቆመው ገበያተኞች አህዮቻቸውን ከሚያሳርፉበት ከመንገዱ ዳር ነበር።

«ፈረስ የማኅበር ፍጥረት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቆሞ ያንቀላፋል፣ ደኅና እንቅልፍ የሚተኛው ግን ሲጋደም ነው፤ የሚጋደመውም ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ሲጠብቅለት ነው። ይህ ፈረስህ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ አልተኛም። አንተም ሳትተኛ ታድራለህ፤ እሱም ሳይተኛ ያድራል፤ አጥሩ ብቻ ነው የተኛ።»

«ታዲያ ሌላ ፈረስ ልግዛ?» ብል የአጥሩን ወጪ ዐይተው ሳቁብኝና፣ «አህያ ይበቃዋል» አሉኝ።

አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ይባላል፤ እኔ ግን ባለ ፈረስ ሆኜ ገበያ መካከል በአህያ ዋጋ ስከራከር መዋሌ ለመንደሩ የሳምንት መነጋገሪያ ሆነ። የገዛኋት አህያ ያረጀች፣ አንድ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ጭነት በቃኝ ያለች አመዳም ነበረች። መስኩ ውስጥ ስለቃት ፈረሱ ቀረበ፣ አሸተታት፤ እርሷ ጀርባዋን ሰጥታው አንዴ በኋላ እግሯ ከጎሸመችው በኋላ ጎን ለጎን ሆነው ሣር ይነጩ ጀመር። ሌላ ሥነ ሥርዐት አልነበረም።

በማግሥቱ ጧት ከካቡ ውጭ ባጣው ወደ ውስጥ ተመለከትሁ፤ ፈረሱ በጎኑ ተዘርሮ፣ አንገቱን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ አየሁት። በሕይወቴ ተኝቶ አይቼው ስለማላውቅ ሞተ ብዬ ጮኽሁ። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ ባላምባራስም ቂማቸውን ትተው ቀድመው ደረሱ፤ አንዲት ሴትም ለሟች የሚገባውን ሙሾ ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ፈረሱ አንድ ዐይኑን ገልጦ ጉባኤውን ቃኘና መልሶ ጨፈነው። አህያዋ ከራስጌው ቆማ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው ባዶ አፉን አይሸኝም፤ ያን ቀን ለቡናና ለዳቦ ያወጣሁት ገንዘብ ከጧፉ ጋር ተደምሮ በዚያ ዓመት ለአንድ ፈረስ ካወጣሁት ሁሉ የከበደኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፈረሱ አጥር አልዘለለም። ማገሮቹ አንድ በአንድ ወደ ምድጃ ሄዱ፣ ካቡም በክረምቱ ዝናብ በሁለት ቦታ ተናደ፤ እርሱ ግን በተናደው በኩል ቆሞ መንገደኛ ያያል እንጂ አይወጣም። አሮጊቲቱ ንፍሯቸው ሳይነካ ሲቀር ስለታቸው የተጓደለ መስሏቸው አዝነዋል። መሪጌታው ጧፉ ስለ ቀረባቸው ፈረሱ ደኅና መሆኑን በየወሩ በ23 ያስጠይቁኛል።

የቀረው የአህያዋ ጉዳይ ነው። አህያዋ አትዘልም፤ ለዚህ ዕድሜዋም ክብሯም አይፈቅድም። ነገር ግን ከካቡ ሥር ውሻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ካገኘች በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ ትሾልካለች፤ እርሷ ከወጣች ደግሞ ፈረሱ ብቻውን አይቀርምና የተማረውን ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሦስት ክንድ ሽቅብ ሳንጋጥጥ የኖርሁት ሰውዬ፣ በደረቴ ተኝቼ ከካቡ ሥር ያለውን ቀዳዳ በአጋም እሾህ ስደፍን ዋልሁ። ባላምባራስ ከገበያ ሲመለሱ በቅሏቸውን ገታ አድርገው ከላይ ቁልቁል ተመለከቱኝ።

«እንደምን ዋልህ አባ ዝለል?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባላምባራስ» አልሁ ጭንቅላቴን ከቀዳዳው ሳላወጣ።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኧረ እንዲያስ አይደለም» አሉ በቅሎዋን እየኮለኮሉ፤ «ዋል አባ ሹለክ።»